ምዕራፍ ሰባት፦ የደወለው ሰውና ባንኩ

ቅዳሜ አመሻሽ ነው እንበል። አርሲ ውስጥ፣ ሁሩታ ላይ፣ አንዲት የእህል ነጋዴ ሱቋን ልትዘጋ የመጨረሻውን የገብስ ጆንያ ታስገባለች። የሰሞኑ የብቅል ገብስ ሂሳብ በባንክ ገብቶላታል፤ ገና አልነካችውም። ቅርንጫፉ ከተዘጋ ቆይቷል። ስልኳ ይጠራል። የማታውቀው፣ በ09 የሚጀምር ቁጥር ነው።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ፤ ከንግድ ባንክ ነው። ካርድዎ ላይ ችግር አይተን ነው የደወልነው።»

ድምፁ የረጋ ነው። ከነአባቷ ስም ጠርቶ እሷ መሆኗን ይጠይቃል። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ አዳማ ላይ በካርዷ 10,000 ብር ሊያወጣ የሚሞክር ሰው እንዳለ ይነግራታል።

«እርስዎ ነዎት?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! እኔ ሁሩታ ነኝ!»

«እንግዲያው አይደንግጡ፤ እናግደዋለን። የሂሳብ ቁጥርዎ በ1000 ይጀምራል አይደል?»

«አዎ።»

«ጥሩ። አሁን በስልክዎ አጭር ቁጥር ይገባል። እሱን ብቻ ያንብቡልኝ፤ ካርዱን የምዘጋው በሱ ነው። ስልኩን እንዳይዘጉት።»

ይህችን ሴት ያቆምኳት ለማስረዳት ነው፤ አንዲት የተወሰነች ሰው አይደለችም። ንግግሩ ግን ከሀገራችን ባንኮች ማስጠንቀቂያ፣ ከየቤቱም ምሬት የምናውቀው ነው፤ ቃሉ ይለዋወጣል እንጂ አካሄዱ አንድ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሴትዮዋ በነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ደዋዩ እውነተኛ መሆን አለመሆኑን በምን ታውቃለች?

መልሱን ከወዲሁ ልናገር። ከደዋዩ ንግግር አታውቅም፤ ልታውቅም አትችልም። ድምፁን፣ ትሕትናውን፣ የሚያውቀውን መረጃ፣ የቁጥሩን መልክ ብትመረምር የምታገኘው ነገር የለም። ማወቅ የምትችለው እሱን ትታ፣ እሱ በማያውቀውና ባልሰጣት መንገድ ራሷ ባንኩን ስትጠይቅ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ምክር ሰምቶታል፤ ጥቂቱ ነው የሚፈጽመው። የማይፈጽምበትንም ምክንያት ሳንረዳ ምክሩን መደጋገም ጥቅም የለውም።

የገንዘብን እውነተኛነት መመርመር ለአገራችን ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። በጠገራ ብር ዘመን፣ ያ የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበትና በየትኛውም ዓመት ቢመታ 1780 የሚል ቀን የሚጻፍበት ብር ሲቀርብለት፣ ገበያተኛው አገላብጦ ያይ ነበር። የንግሥቲቱን የልብስ መያዣ ጌጥ አይቶ ዕንቁዎቹን ይቆጥራል፤ የተፋቀውን፣ የደበዘዘውን አልቀበልም ይላል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የብር ኖቶች ይፋ ሲሆኑም ሰው ሁሉ ኖቱን ወደ ብርሃን እያነሳ፣ በጣቱ እየዳበሰ ነበር የተለማመደው። ሁለቱም ጊዜ ምርመራው የሚሠራው በአንድ ምክንያት ነው፤ እውነተኛው ዕቃ አስመሳዩ በቀላሉ ሊሠራው የማይችለው ነገር በላዩ አለበት።

የስልክ ጥሪና የጽሑፍ መልእክት ግን እንዲህ ያለ ነገር የላቸውም። ፊደል ፊደል ነው፤ እውነተኛው ባንክ የሚጽፈውን ዓረፍተ ነገር ሌባውም ቃል በቃል ይጽፈዋል። ትሑት ድምፅም ሰው ሁሉ ያወጣዋል። እኛ ግን ለዘመናት የለመድነው የቀረበልንን ዕቃ መመርመር ስለሆነ፣ ደዋዩንም እንደ ጠገራ ብር አገላብጠን ልናየው እንሞክራለን። ስሜን አውቋል፣ ሂሳቤን አውቋል፣ እንግዲያስ ባንክ ነው እንላለን። ስህተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል።

* * *

እስቲ ደዋዩ ያወቀውን አንድ በአንድ እንይ።

ስሟን ያውቃል። ግን የሱቋ ግድግዳ ላይ፣ ደንበኛ እንዲከፍልበት፣ የሂሳብ ቁጥሯ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። እንደ እሷ ያለ ነጋዴ ሁሉ ይህን ያደርጋል፤ ያለሱ ዛሬ መነገድ አይቻልም። የንግድ ባንክን የሞባይል መተግበሪያ የያዘ ማንኛውም ሰው ያንን ቁጥር ቢያስገባ፣ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሰው እንዳይሄድ ተብሎ የባለሂሳቡ ስም ከነአባቱ ይወጣለታል። ስልክ ቁጥሯም እዚያው ወረቀት ላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ስም፣ ስልክና ሂሳብ ቁጥር አንድ ላይ ማወቅ አንድ ጊዜ በሱቁ ደጃፍ ከማለፍ በላይ አይጠይቅም። ቁጥሩን የለጠፈችው ጥፋተኛ ናት እያልኩ አይደለም። የሂሳብ ቁጥር ገንዘብ ማስገቢያ እንጂ ማውጫ አይደለም፤ ሊታይ የተገባ ነገር ነው። ጥፋቱ ሰው ሁሉ ሊያየው የሚችለውን ነገር እንደ ምስጢር ማስረጃ መቀበል ነው።

«በ1000 ይጀምራል አይደል?» ያለው ደግሞ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው፤ ሰውን የሚያሳምነው ይህ ስለሆነ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር 13 አኃዝ አለው፤ በ1000 ይጀምራል። የሷም፣ የጎረቤቷም፣ የልጇም። ይህን ማለት «ስልክዎ በ09 ይጀምራል አይደል?» ከማለት አይለይም። በካርዱም ላይ እንዲሁ ነው። የቪዛ ካርድ ሁሉ በ4 ይጀምራል፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወይም ስምንት አኃዞች ካርዱን የሰጠውን ባንክ የሚያመለክቱ ናቸውና የዚያ ባንክ ካርድ ያለው ሌላ ሰውም ይጋራቸዋል። የመጨረሻው አኃዝ እንኳ ከፊተኞቹ በስሌት የሚገኝ ነው፤ ሐንስ ፒተር ሉን የተባለ የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈጠረው ስሌት ነው። የተፈጠረውም የአጻጻፍ ስህተትን ለመያዝ እንጂ ሌባን ለመያዝ አይደለም። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ደግሞ በደረሰኝ ላይ ይታተማሉ። እንግዲህ ደዋዩ የካርዱን ፊተኛና መጨረሻ ቁጥር ቢጠራም ገና ምንም አላረጋገጠም።

የደወለበት ቁጥርስ? ተራ የ09 ወይም የ07 ቁጥር ከሆነ ያጠራጥራል፤ ይሁን እንጂ የእውነተኛ ቅርንጫፍ ሠራተኛም በሞባይል የሚደውልበት ጊዜ አለ። በሌላ በኩል የአሰላና የአዳማ አካባቢ መደበኛ ስልክ የሚጀምርበት 022 ቢታይ ማረጋገጫ አይሆንም። በስልካችን መስታወት ላይ የሚታየው ቁጥር ወይም ስም የላኪው አካል የሚሞላው ነው፤ መስመሩ የተዘረጋው ሰዎች እርስ በርስ ይተማመናሉ በሚል ሐሳብ ነበር።

በጽሑፍ መልእክት ላይ ይህ ይብሳል። ሲንጋፖር ላይ የደረሰውን ላንሳ። በዲሴምበር 2021 (እ.ኤ.አ.) ኦ.ሲ.ቢ.ሲ. በተባለው የአገሪቱ ትልቅ ባንክ ስም «በሂሳብዎ ላይ ችግር አለ» የሚሉ መልእክቶች ለደንበኞች ተላኩ። ስልኮቹ መልእክቶችን የሚያሰባስቡት በላኪው ስም ስለሆነ፣ የሐሰቱ መልእክት ገብቶ የተቀመጠው ባንኩ ለዓመታት ከላካቸው እውነተኛ መልእክቶች ሥር፣ በዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበር። ሰዎቹ ከላይ ያለውን እውነተኛ አይተው የታችኛውን አመኑ። ወደ 790 የሚጠጉ ደንበኞች 13.7 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ተወሰደባቸው። የተማሩ፣ በስልክ ባንክ የሚገለገሉ የከተማ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ነው የአገሪቱ ባንኮች በጽሑፍ መልእክት ውስጥ የሚነካ ማስፈንጠሪያ መላክ ያቆሙት፤ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2023 ጀምሮም ስሙን ያላስመዘገበ ላኪ መልእክቱ «ማጭበርበር ሊሆን ይችላል» የሚል ምልክት ይዞ እንዲደርስ ተደረገ።

ይህን ሰምቶ «ማስፈንጠሪያ ያለበት መልእክት ሁሉ ሐሰት ነው» ብሎ ደንብ ማውጣት ያምራል፤ እኛ አገር ግን አይሠራም። ንግድ ባንክ ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ የሚልከው እውነተኛ መልእክት ራሱ መጨረሻው ላይ የደረሰኝ ማስፈንጠሪያ አለው። ደንቡን ያመነ ሰው አንድም እውነተኛውን ሐሰት ይላል፣ አንድም እውነተኛውን ደጋግሞ አይቶ ስለለመደ ሐሰተኛውንም ይነካል። ልዩነቱ ማስፈንጠሪያው መኖሩ አይደለም። የእውነተኛው ደረሰኝ ያሳያል እንጂ አይጠይቅም፤ ተከፍቶ የምስጢር ቁጥር አስገባ አይልም።

* * *

አሁን ወደዚያች አጭር ቁጥር እንምጣ። ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

በስልክ የምትገባው ለአንድ ጊዜ ብቻ የምታገለግል ቁጥር፣ አንድ ሰው በሂሳቡ ላይ ከበድ ያለ ነገር ሊያደርግ ሲል ባንኩ «ይህን የጠየቅኸው አንተው ነህ?» ብሎ የሚጠይቅባት ናት። ማን እንዳስነሳት ልብ እንበል። ሴትዮዋ ምንም አላደረገችም፤ ገብስ ስታስገባ ነበር። ቁጥሯ የመጣችው በዚያች ደቂቃ ሌላ ሰው፣ ደዋዩ ራሱ ወይም አጠገቡ የተቀመጠ ጓደኛው፣ የሷን ስልክ ቁጥር አስገብቶ ሂሳቧን በራሱ ስልክ ሊከፍት ስለሞከረ ነው። «ካርዱን የምዘጋው በሱ ነው» ያላት ቁጥር የሚከፍት ነው እንጂ የሚዘጋ አይደለም። አደጋውን ፈጥሮ ማስጠንቀቂያውን ያመጣውም፣ እንደ መድኃኒት የሚያቀርበውም አንድ ሰው ነው። ማስጠንቀቂያው ውሸት ቢሆንም አደጋው እውነት የሚሆነው በዚህ ነው፤ በርግጥም በዚያች ደቂቃ ገንዘቧን ሊወስድ የሚሞክር ሰው አለ፤ ግን አዳማ ኤቲኤም ላይ ሳይሆን በጆሮዋ ላይ ነው።

ያች መልእክት ብዙ ጊዜ «ይህን ቁጥር ለማንም እንዳይሰጡ» የሚል ዓረፍተ ነገር አብራ አላት። ችግሩ ዓረፍተ ነገሩ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ሴትዮዋ ቁጥር ታነባለች፤ ከቁጥሩ ጎን ያለውን አታነብም። ማስጠንቀቂያው ደርሷታል ማለት አይቻልም። ይህን ጉዳይ በጣም አጥብቄ እናገራለሁ፦ አርሲ ውስጥ ላለች፣ ቤቷ ኦሮምኛና አማርኛ ለምታወራ ደንበኛ በእንግሊዝኛ የተላከ ጥንቃቄ ጥንቃቄ አይደለም። በዚያው ሰዓት ደዋዩ በጣፈጠ አማርኛ፣ ካስፈለገም በጣፈጠ ኦሮምኛ «እናቴ» እያለ ያናግራታል። ባንኩ በባዕድ ቋንቋ፣ ሌባው በእናት ቋንቋ ሲናገሩ ማን እንደሚሰማ ግልጽ ነው። ባንኮቻችን ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ደንበኛው በመረጠው ቋንቋ ቢልኩ ብዙ ቤት ይድናል።

የካርዱ ባለአራት አኃዝ የምስጢር ቁጥርስ? እሱን ባንክ አይጠይቅም ሲባል ሰው የባንክ ጨዋነት አድርጎ ይወስደዋል። ከጨዋነት በላይ ነው፤ ባንኩ አያስፈልገውም። ኤቲኤም ላይ ቁጥሩን ስንጫን እዚያው ማሽኑ ውስጥ ይመሰጠርና ወደ ባንኩ ይሄዳል፤ ትክክል መሆኑን የሚያመሳክረው የተዘጋ መሣሪያ ነው። ገንዘብ ከፋይዋም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ የስልክ መስመር ሠራተኛውም ቁጥሩን በኮምፒውተራቸው አያዩትም። ካርድ ለመዝጋት የካርዱ ባለቤት መሆንሽን ማወቅ እንጂ የምስጢር ቁጥርሽን ማወቅ አይጠይቅም። ስለዚህ የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀው ለሌላ ሥራ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ ቁጥር ሳይጠይቅ የሚሠራ። «ስልክዎን ይያዙ፣ *889# ይምቱ፣ አሁን ይህን ይጫኑ፣ አሁን ይህን ያስገቡ» እያለ ይመራታል። ምንም ምስጢር አልሰጠችውም፤ በገዛ ጣቷ ግን ገንዘቧን ወደሱ እየላከች ነው። ከዚህ የሚከፋው *21* ብላ የሱን ቁጥር አስገብታ፣ # ጨምራ እንድትደውል የሚያዝዛት ነው። ይህ በሁሉም የሞባይል መስመር የሚሠራ የጥሪ ማዞሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደሷ የሚመጣ ጥሪ ሁሉ፣ እውነተኛው ባንክ ቢደውል እንኳ፣ ለሌባው ይደርሳል። መዞር አለመዞሩን *#21# ደውሎ ማየት፣ ##002# ደውሎ ማጥፋት ይቻላል።

* * *

ሰው ይህን ሁሉ እየሰማ ለምን ይታለላል? ሞኝነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም።

አንደኛ፣ ታሪኩ ከኑሯችን ጋር ይገጥማል። ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ማን አለ? «ሲስተም እያስተካከልን ነው፣ መረጃዎን እናድስ» የሚል ደዋይ የሚያወራው በየሳምንቱ የምናየውን ነገር ነው። በርግጥም ትልቅ ነገር ይደርሳል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ላይ በንግድ ባንክ ሲስተም በደረሰ ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ የዓለም መገናኛ ብዙኃን 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መውጣቱን ዘገቡ፤ ወሬው መጀመሪያ የተዛመተው በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ዘንድ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ነገሩ በሥራ ላይ ሳለ የደረሰ ብልሽት እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገለጸ። ባንኩም ገንዘቡን እንዲመልሱ ጥሪ አቀረበ፤ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ አወጣ። በእንዲህ ያለ ሳምንት ስልኩ ጠርቶ «ሂሳብዎ ላይ ችግር አለ» ቢባል ማን ነው «ውሸት ነው» የሚል? እውነተኛ ወሬ ለሐሰተኛ ጥሪ ሽፋን ይሆናል። በዚያን ጊዜ ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር ታይቷል፦ የባንኩ ቃል የመጣው ለአንድ ሰው በአንድ ስልክ ሳይሆን በቴሌቪዥን፣ በባንኩ ገጽ፣ በቅርንጫፍ ግድግዳ፣ በሁሉም በኩል አንድ ላይ ነበር።

ሁለተኛ፣ የማንቂያ ጥሪ ከሽልማት ጥሪ ይለያል። «ዕጣ ደርሶዎታል» የሚለው ስግብግብነትን ነው የሚነካው፤ ጨዋ ሰው ያልፈዋል። «ገንዘብዎ ሊወሰድ ነው» የሚለው ግን ጥንቃቄን ነው የሚነካው፤ ጠንቃቃውን ሰው በጥንቃቄው ይይዘዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንላለን። እዚህ ላይ ግን ሌባው ጥርጣሬውን ራሱ ይዞልን ይመጣል፤ አዳማ ያለውን የሌለ ሰው ያስጠረጥረንና ራሱን የተጠርጣሪው ጠላት ያደርጋል።

የውጭው ዓለምም ከዚህ አላመለጠም። ለአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2022 (እ.ኤ.አ.) ሰዎች ካመለከቱት የጽሑፍ መልእክት ማጭበርበር ሁሉ በብዛት ቀዳሚ የሆነው የባንክ ማስጠንቀቂያ የሚመስለው ነበር፤ ገንዘብ ከተወሰደባቸው ሰዎች መካከለኛው የከሰረው 3,000 ዶላር ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ያውቁታል፦ «ይህን ክፍያ እርስዎ ፈጽመዋል? አዎ ወይም አይ ብለው ይመልሱ» ይላል። አይ ብሎ የመለሰ ሰው ወዲያው ይደወልለታል። አሳዛኙ፣ የዚያ አገር እውነተኛ ባንኮችም ልክ በዚሁ ቃል መጠየቃቸው ነው። በእንግሊዝ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ 159 የሚባል አጭር ቁጥር ተዘጋጅቷል፤ የተጠራጠረ ሰው ስልኩን ዘግቶ እሱን ይደውላል፣ ከራሱ ባንክ ጋር ይገናኛል። የቁጥሩ ብልሃት ሁሉ ጥሪው የሚጀምረው ከደንበኛው መሆኑ ላይ ነው።

* * *

እኛም ያ ብልሃት አለን፤ ብዙዎቻችን አናስበውም እንጂ። የንግድ ባንክ የደንበኞች መስመር 951 ነው። ሌሎቹ ባንኮችም የየራሳቸው አጭር ቁጥር አላቸው፤ በካርዱ ጀርባ ወይም በቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ ይገኛል። ቁጥሩ መታወቅ ያለበት ግን ስልኩ ከመጮኹ በፊት ነው። ከደነገጡ በኋላ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ መፈለግ አደገኛ ነው፤ በባንኮች ስም የተከፈቱ የሐሰት ገጾች እዚያው ይጠብቃሉ። መልእክቱ ውስጥ ያለው ቁጥር፣ ደዋዩ «ካላመኑኝ በዚህ ይደውሉ» ብሎ የሚሰጠው ቁጥር፣ ከመጣበት አፍ አይለይም።

ሁሩታ ላይ ደግሞ ለንደን ያለ ሰው የሌለው ነገር አለ። ቅርንጫፉ በእግር የሚደረስ ነው፤ ገንዘብ ከፋይዋን ደንበኛው በመልክ ያውቃታል። ሰኞ ጠዋት ሄዶ «ቅዳሜ ደውላችሁልኛል?» ማለት ይቻላል። ደዋዩ ቅዳሜ አመሻሽ ሲመርጥ የሚሸሸው ይህንኑ ነው፤ «ስልኩን እንዳይዘጉት» ሲልም የሚፈራው በመካከል አንድ የሚያውቁት ሰው ድምፅ እንዳይሰማ ነው። ስልክ መዝጋት ለኛ ከባድ ነው፤ እናቴ ብሎ የሚያናግርን ሰው በመሀል ማቋረጥ ነውር ይመስለናል። ስለዚህ ለሽማግሌዎቻችን ጨዋነትን የማያስጥል ቃል ልናስተምራቸው ይገባል፦ «እሺ ልጄ፣ እኔው ራሴ ባንኩ ጋ እደውላለሁ» ብሎ መዝጋት። እውነተኛ ሠራተኛ በዚህ አይቀየምም። የሚቆጣ፣ «ጊዜ የለም» የሚል፣ የሚያስፈራራ ከሆነ ግን ጊዜ የሌለው ሌባው ነው።

ግን ሁሉንም ማስጠንቀቂያ ውሸት ማለትም ሌላው ጉድጓድ ነው፤ ስለዚህኛው የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። ስለ ሌባ ደጋግማ የሰማች ሴት አንድ ቀን «ከሂሳብዎ 4,000 ብር ወጪ ሆኗል» የሚል መልእክት ቢደርሳት «እነዚያ ናቸው» ብላ ልታጠፋው ትችላለች። እውነት ከሆነስ? በኛ አገር ከባንክ የሚመጣ እውነተኛ ማንቂያ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ማንም ደውሎ ሳይጠይቅ፣ ምንም ሳያዝዝ፣ ይህን ያህል ወጣ ብሎ የሚናገር አጭር መልእክት። ስለዚህ አይጠፋም፤ አይታመንምም። ይመሳከራል። ለዚህ የመልእክቱን ቃል መመርመር አያስፈልግም፤ ሂሳቡን ማየት ነው። ራሷ *889# ደውላ ወይም መተግበሪያውን ከፍታ ቀሪውን ታያለች። ቀሪው ካልጎደለ መልእክቱ ባዶ ነው። (ገንዘብ ገባ የሚለውንም ነጋዴ ሁሉ እንዲሁ ማየት አለበት፤ በተቀናበረ መልእክትና በስልክ ፎቶ ዕቃ አስጭኖ የሄደ ሰው ስንቱን አስለቅሷል።) ቀሪው ከጎደለ ደግሞ በመጀመሪያ ቤተሰብ ይጠየቃል፤ ካርዷ አዳማ የምትማረው ልጇ ጋ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቤት ካርዱና የምስጢር ቁጥሩ የጋራ ነው፤ መልካም ልማድ ባይሆንም ያለ ነገር ነው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ የቤት ኪራይ ከፍዬ ነው። ልነግርሽ ስል ካርድ አለቀብኝ» ካለች ነገሩ አለቀ።

«እኔ አይደለሁም፤ ካርዱም ሳጥን ውስጥ ነው» ካለች ግን ደቂቃ አይጠበቅም። 951 ተደውሎ ካርዱ ይዘጋል፤ የተደወለበት ሰዓትና ያነጋገረው ሠራተኛ ስም ወረቀት ላይ ይጻፋል። ቅርንጫፉ ሲከፈት ቅሬታው በጽሑፍ ይገባል፤ መልእክቱ እንዳለ ተይዞ ይቀርባል፤ ቀን ያለበት ማኅተም ያረፈበት የማመልከቻው ቅጂ ከባንኩ ይወሰዳል። ብሔራዊ ባንክ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የፋይናንስ ተገልጋዮች ጥበቃ መመሪያ ባንኮች ቅሬታ ተቀብለው የሚያስተናግዱበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዝዛል፤ ስለዚህ ጽሑፉን ማስገባት መብት እንጂ ልመና አይደለም። ቁጥር ሰጥቶ ገንዘብ የተወሰደበት ሰውም ማፈር የለበትም፤ በኮምፒውተር ማጭበርበር በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፤ ፖሊስ ጋ የሚቀርበው ሌባው የሚፈለግበት ክስ እንጂ የተታለለው ሰው ጥፋት አይደለም። አፍረው ዝም ያሉ ብዙዎች ናቸው። የነሱ ዝምታ ነው ያ ደዋይ ነገ የጎረቤታቸውን ስልክ በዚያው ቃል እንዲመታ የሚያስችለው።

ሱቅ ደጃፍ ወዳቆምናት ሴት እንመለስ። ጆሮዋ ላይ ስልክ አለ፤ ባለ ስድስት አኃዙ ቁጥር ገብቷል። ደዋዩ «ያንብቡልኝ እናቴ» ይላል። እሷ ግን ባለፈው በዓል ልጇ መጥታ ግድግዳው ላይ ካለው የሂሳብ ቁጥር ወረቀት ጎን፣ ደንበኛ በማያየው በውስጥ በኩል፣ በወፍራም እስክሪብቶ በአማርኛም በኦሮምኛም ጽፋ የለጠፈችላትን ካርቶን ታያለች። 951 ይላል። ከሥሩ፦ «ማንም ቢሆን ቁጥር አትስጪ፤ ዝጊና በዚህ ደውዪ፤ ካልሆነ እኔ ጋ።»

«እሺ ልጄ፣ እኔው እደውላለሁ» ትላለች፤ ትዘጋዋለች። ስልኩ ወዲያው ደግሞ ይጮኻል። አታነሳውም። የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ፣ መነጽሯን ከመሳቢያ አውጥታ፣ ዘጠኝ፣ አምስት፣ አንድ ትጫናለች።